የአያቴ ጎጆ ውስጥ ኤግዚቢሽን፦ የ12 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1 (ኅዳር መጀመሪያ)

ቤቱን ዛሬ ተረከብን። የአያቴ ጎጆ ነው። ደብረ ማርቆስ ጫፍ ላይ፣ ከአስፋልቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ። አያቴ ካረፈች ወዲህ ሰው አልኖረበትም፤ አክስቴ ገለባና የዘር ድንች ስታስቀምጥበት ነው የቆየችው። "እትዬ፣ ለሦስት ወር ስጪን" ስላት ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። "ድንቼንሳ የት ላድርገው?" ብቻ ነው ያለችው። ድንቹ እኔ መኝታ ቤት ገባ።

አምስት ነን። ሁለቱ በቀለም ይሥላሉ። አንዷ አሮጌ ማዳበሪያ እየቀደደች ትሰፋለች። አንዱ ድምፅ ይቀዳል። እኔ ወረቀት ላይ በከሰል እሥላለሁ። በነፍስ ወከፍ 5,000 ብር አዋጥተን 25,000 ብር ያዝን። ከዚህ አንዲት ሳንቲም አይወጣም ብለን ተማምለናል።

አዳራሽ ጠይቀን ነበር። ለሦስት ቀን የተባልነው ኪራይ ከጠቅላላ በጀታችን በለጠ። ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታትም ክልክል ነው ተባልን። ታዲያ ሥዕሉን በምን እንስቀለው? በጸሎት? እዚያው ተውነው።

ልኬት። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር ነው። ግድግዳው ዙሪያውን 22 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ። መሐል ላይ ምሰሶ አለ። በሩ አንድ ነው፣ መስኮት የለም። ግድግዳውን ተከትሎ 40 ሳንቲ የሚሰፋ መደብ ይዞራል። ወለሉ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ጣሪያው ሳር ነው፤ ቀና ብለው ሲያዩት ከስንት ዓመት ጭስ የተነሣ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

ያልለካነው ቁንጫውን ነው። ገለባውን አውጥተን ስንጨርስ አምስታችንም እግራችንን እያከክን ነበር። መድኃኒት ረጭተን፣ በሩን ዘግተን ሁለት ቀን ተውነው። 350 ብር። በጀት ውስጥ ያልነበረ የመጀመሪያው ወጪ ይህ ነው።

ሳምንት 2

ግድግዳው ብዙ ቦታ ላይ ተራግፎ ማገሩ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርጊት። አምስት ማዳበሪያ ጭድ ከነማጓጓዣው 1,500 ብር ገዛን። አፈሩን ከጭዱ ጋር አቡክተን፣ በእግር ረግጠን፣ ቢያንስ አምስት ቀን መተው ነበረብን። ሁለት ቀን ተውነው። ቸኮልን። በመረግነው ማግስት ግድግዳው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጠቀ፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ጭዱ ገና አልለሰለሰም፣ መጠኑም አንሷል። አፈረስነው።

ሁለተኛውን አክስቴ መራችው። ሦስት ጎረቤቶቿን ጠራች። እኛ ተሸካሚ ሆንን። መጨረሻ ላይ የተነፋ አፈርና እበት ቀላቅለው በእጃቸው ለቀለቁት። የእጃቸው መሥመር ግድግዳው ላይ ቅስት ቅስት እየሠራ ቀረ። ሁለቱ ሠዓሊዎች ሥራ ፈትተው ቆመው ያያሉ። ሳያቸው ሊቀኑ ምንም አልቀራቸውም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት። ኤግዚቢሽን ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነጭ ክፍል ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መስኮት የለው፣ መብራት ከላይ፣ ከውጭው ዓለም ምንም የማይገባበት። የሙያው ሰዎች "ነጭ ኪዩብ" ይሉታል። እኛም ሁለት ባልዲ ነጭ የውሃ ቀለም በ2,800 ብር ገዛንና ልቅለቃው እርጥብ እያለ ቀባነው። በአራተኛው ቀን ቀለሙ እየተላጠ መደቡ ላይ ይወርድ ጀመር። አክስቴ መጥታ አየችው። "ጭቃ ይተነፍሳል እኮ። አፉን አፈናችሁት" አለች። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ወጣ ማለት ነው።

የሚያናድደው፣ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ላይ የሠሩትን ዞማ ሙዚየም ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2011 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ጭቃና ጭዱን አልደበቁትም፤ ግድግዳውን ራሱን እንደ ሥራ ነው የቀረጹት። ይህን እያወቅን ሄደን ነጭ ቀለም ገዛን። የቀረውን በቢላ ፋቅነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ቡናማ ሆኖ ይቅር።

ሳምንት 3

ክብ ግድግዳ ላይ ጠፍጣፋ ነገር አይሰቀልም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት መፍጀቱ ያሳፍራል። 1 ሜትር የሚሰፋ ሥዕል ሲጠጋ ጫፎቹ ብቻ ግድግዳውን ይነካሉ፤ መሐሉ ላይ 3.6 ሳንቲ ክፍተት ይቀራል። ይሄ ምንም አይደለም። ችግሩ ያለው ትልቁ ሥዕል ላይ ነው። ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.5 ሜትር ነው። ከጀርባው ወደ 15 ሳንቲ የሚጠጋ ክፍተት ይኖረዋል። ድመት ያሳድራል።

የጣና ገዳማት ሥዕሎች ብዙዎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ፍሬሙን አውልቀን እንደዚያ ብንለጥፈውስ አልን። ባለቤቱ፣ "ከዚያ ማን ይልጥልኛል? ቤቱን ነቅዬ ልሂድ?" አለ። ልክ ነው።

ሚስማሩም ችግር አመጣ። ጭቃ ሚስማር አይዝም፤ ማገሩን ማግኘት ያስፈልጋል። ግድግዳውን በጣት አንኳኩቶ መስማት ነው፤ ባዶው ላይ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ እንጨቱ ላይ ይጠብቃል። ሌላ መሣሪያ አላገኘንም፣ አላስፈለገንምም።

አንድ የተሳካ ነገር አለ። ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ በቀጭኑ ሰንጥቀን ከማዳበሪያ ሥራው ላይኛና ታችኛ ጠርዝ ሰፋነው። ቀርከሃው ከግድግዳው ጋር አብሮ ጎበጠ። አራት ሜትር የሚረዝም ሥራ ምንም ሳይንሸዋረር ተኛ። ስለዚህ ክቡ ግድግዳ የማዳበሪያዋ ሠዓሊ ሆነ። የሌሎቻችን ግን ሜዳ ላይ ቀረ።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥዕል ተጎድቷል። በባጃጅ ለማምጣት ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውስጥ ሆነ። ወፍራም የዘይት ቀለም ነበረበት፤ ሲፈታ ተሰነጣጥቋል። የተሣለ ሸራ መጠቅለሉ ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ፣ ጥቅሉም ሰፋ ያለ መሆን አለበት። ባለቤቷ "ይስተካከላል" ብላለች። አይስተካከልም፤ ታውቃለች።

ሳምንት 4

ሥዕል ከግድግዳ ውጭ ማቆም አዲስ ነገር አይደለም። ብራዚል፣ ሳን ፓውሎ ከተማ ባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አርክቴክቷ ሊና ቦ ባርዲ እ.ኤ.አ. በ1968 ሥዕሎቹን በሙሉ ከግድግዳ አውርዳ፣ ሲሚንቶ ላይ የተተከለ መስታወት ላይ አቆመቻቸው። ሥዕሎቹ አዳራሹ መሐል እንደ ሰው ተሰልፈው ይታያሉ። መግለጫቸው ከጀርባ ነው፤ ለማንበብ መዞር ያስፈልጋል። በ1996 ተነሥተው በ2015 እንደገና ተመልሰዋል።

እኛ በመስታወት ፈንታ አጣና አደረግን። ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ በ1,150 ብር ገዝተን ሦስት ሳፋ ውስጥ አፈሰስነው፤ በየመሐሉ አጣና ተከልን። ሲደርቅ ሥዕል አሰርንበት። ያምራል። ፎቶም አነሣን። ፎቶውን ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ልከን ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሕፃን ዶሮ እያባረረ ገባና አንዱን ነካው። ወደቀ። የፍሬሙ ማዕዘን ተሰበረ፤ ሕፃኑ ምንም አልሆነ፣ እግዜር ይመስገን። ሲመረመር መውደቁ አይገርምም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ መቆሚያው 35 ሳንቲ፣ ክብደቱ ሁሉ ላይ፣ ወለሉ ወደ በሩ ያዘቀዘቀ። መቆሚያው እጥፍ መስፋት ነበረበት። ሲሚንቶ የለም፣ ብርም የለም። ተውነው። ሦስቱ ሲሚንቶ አሁን በር መደገፊያ ናቸው።

ሳምንት 5

ምንም አልተሠራም። መንገድ ተዘግቶ ቺፕውዱም አምፖሉም አልመጣም። ኔትወርክም የለም። ማታ ማታ አክስቴ ቤት እንሰበሰባለን።

አንድ ማታ ስለ ዘጌ ስናወራ ነው ነገሩ የመጣው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሁላችንም አይተናታል። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ሥዕሎቹ ግን ክቡ ግድግዳ ላይ አይደሉም! መሐል ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው፤ ሥዕሉ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል። ሰው በክቡና በአራት ማዕዘኑ መካከል ይዞራል። ክብ ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ ሥዕል የት እንደሚቀመጥ ከእኛ በፊት ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። እኛ ሳን ፓውሎ ደርሰን ነው የተመለስነው።

ሳምንት 6 እና 7

በምሰሶው ዙሪያ አራት ማዕዘን ሳጥን ለመሥራት አጣና ማቆም ጀመርን። በሁለተኛው ቀን የሰፈራችን ቄስ በመንገዳቸው ጎራ አሉ። ዙሪያውን አዩና፣ "ልጆቼ፣ ይሄ መቅደስ ሊመስል ነው። አሮጊት ገብታ ብትሳለምስ?" አሉን። የተቆጡ አይመስሉም፤ ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። "እሺ አባ፣ ሦስት ጎን እናድርገው?" አልናቸው። "ሦስትማ ሥላሴ ሊባል ነው" ብለው ሳቁ። አምስት አደረግነው።

አምስት ጎን መሥራት ከአራት ይከብዳል። ማዕዘኑ 108 ዲግሪ ነው፤ አናጢያችን ደግሞ ያለው የ90 ማዕዘን ብቻ ነው። በገመድ ሠራነው። ምሰሶው ሥር ሚስማር መትተን በ1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ገመድ መሬት ላይ ክብ ሣልን። ከዚያ ክቡ ላይ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ እየለካን አምስት ጊዜ ምልክት አደረግን። 1.22 የቺፕውዱ ወርድ ነው፤ አይቆረጥም። በስሌቱ አምስተኛው ምልክት መጀመሪያው ላይ ማረፍ አለበት። በሁለት ሳንቲ ሳተ። ገመዱ ረግቦ መሰለን። እንደገና ለካን፤ ያው ሁለት ሳንቲ። በመጨረሻ ቱንቢ ስንጥል ምሰሶው ራሱ ስድስት ሳንቲ አጋድሏል፤ ገመዱ ምሰሶው ላይ እየተጠመጠመ ነበር። አያቴ በሕይወት እያለች "ይቺ ቤት እንደኔ ጎብጣለች" ስትል እንስቅ ነበር። ለካስ ልኬት ነው የነገረችን።

አምስት ቺፕውድ 9,500 ብር። ከሁሉም የከበደን ወጪ። ከፍታውን ሁለት ሜትር አድርገን ቆረጥን፤ 44 ሳንቲ የሆኑት ቁራጮች ተቀምጠዋል። ከሳጥኑ እስከ መደቡ ጠርዝ 2 ሜትር ከ26 ሳንቲ መተላለፊያ ቀረ። ሁለት ሰው ተላልፎ ሥዕሉንም ከበቂ ርቀት ያያል።

የቺፕውዱ መልክ ከጭቃው ጋር አልሄድ አለ። ቀጭን ጭቃ ከእንጨት ኮላ ጋር በጥብጠን ቀባነው። ግን በመጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክረን፣ ሦስት ቀን ጠብቀን ነው። ተምረናል።

አሁን ትልቁ ሥዕል። ሁለት ሜትር ነው፤ የሳጥኑ አንድ ጎን 1.22። አይገባም። ባለቤቱ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሥዕሉን ከፍሬሙ ራሱ አወለቀው፤ ቀለሙ አክሪሊክ ስለሆነ ይታጠፋል። በሳጥኑ አንድ ማዕዘን ላይ አዙሮ ሁለት ጎን አለበሰው። ሥዕሉ የእህል ገበያ ነው፣ ብዙ ሰው ያለበት። አሁን ከየትም ቆመህ ሙሉውን አታየውም። ሻጮቹን ስታይ ገዢዎቹ ይጠፋሉ። ዞረህ ገዢዎቹ ጋ ስትደርስ ሻጮቹ ከኋላህ ናቸው። እሱ ራሱ ስድስት ሰባት ጊዜ ዞረ። "ስሥለው እንዲህ አልነበረም" አለ። የተከፋ መስሎኝ ነበር፤ ማታ ስንወጣ መጨረሻ የወጣው እሱ ነው።

ሳምንት 8

መብራት። ሳር ክዳን ሥር ስለሆንን የሚግል አምፖል አይታሰብም፤ ኤልኢዲ ብቻ። መብራት ኃይልም አይታመንም። ስለዚህ በ12 ቮልት እንዲሠራ አደረግን። ከዘመድ ፒካፕ ላይ 70 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ተዋስን። ስምንት ባለ 5 ዋት አምፖል 40 ዋት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ቢበራ 240 ዋት ሰዓት ይበላል። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ይጎዳል፤ ስለዚህ አንዴ ተሞልቶ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ አይሞላም።

መጀመሪያ የገዛነው ነጩን፣ በብርሃን ቀለም መለኪያ 6,500 ኬልቪን የሚባለውን ነው። አበራነው። ጭቃው አመድ መሰለ፤ የኛም ፊት የሬሳ። በማግስቱ 3,000 ኬልቪን የሆነውን ቢጫ ገዛን። ግድግዳው እንደገና ጭቃ ሆነ። ሁለት ጊዜ መግዛታችን ከነገመዱ 3,400 ብር አስወጣን። ነጮቹን አክስቴ ወስዳ በረት ውስጥ ሰቅላቸዋለች፤ ላሟ አላማረረችም።

ብርሃኑ ሥዕሉ ላይ የሚያርፍበት አቅጣጫም አለ። ከፊት ለፊት ከመጣ ያብለጨልጫል፣ በጣም ከላይ ከመጣ የፍሬሙ ጥላ ይወርዳል። ከቱንቢ መሥመር 30 ዲግሪ ያህል ማጋደል ይበቃል። የኔ ወረቀቶች ደግሞ ብዙ ብርሃን አይወዱም፤ ሙዚየሞች ለወረቀትና ለጨርቅ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው የሚፈቅዱት። በስልክ መተግበሪያ ለካሁ። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፣ አንዱን ጎን ከሌላው ለማነጻጸር ግን ይረዳል። ከእኔ ጎን አንድ አምፖል ነቀልን።

ከሳሩ ጥላሸት ስለሚረግፍ 32 ሜትር አቡጀዲ ሰፍተን ኮርኒስ ወጠርን። በ110 ብር ሂሳብ 3,520። ብርሃኑንም አለሰለሰው፤ ይህን አላሰብነውም ነበር።

ሳምንት 9 (ገና)

ድምፁ። ልጁ የጤፍ ውቂያ ቀድቷል፤ በሬ ሲነዳ፣ መንሽ ሲመታ፣ ሰው ሲጣራ። ትንሽ ስፒከር ጋን ውስጥ ከትተን ጋኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገባን። አንዱ ጎን ባዶ ነው፤ በጆሮ ከፍታ ቀዳዳ ብቻ። ሰው ጆሮውን ያስጠጋል። መጀመሪያ ጋኑ ቆሞ ነበር። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ እያስተጋባ ቀጭኑን ዋጠው፤ ውቂያው ነጎድጓድ ሆነ። አጋድመን አፉን ወደ ቀዳዳው ስናዞርና ስፒከሩን ወደ አፉ ስናቀርበው ተስተካከለ።

ስፒከሩንም ባትሪውንም ውስጥ አስቀምጠን አምስተኛውን ጎን በሚስማር መታነው። ከዚያ "ባትሪው ሲያልቅስ?" አለች አንዷ። ማንም አልመለሰላትም። ነቅለን ማጠፊያ ገጠምንለት።

መግለጫ ጽሑፍ ላይ ብልህ የሆንን መስሎን ነበር። ጎጃም ነን፣ የቅኔ አገር። ለየሥዕሉ ሁለት ጽሑፍ፦ ከፊት ሰሙ፣ መጋረጃ ገልጠህ ደግሞ ወርቁ። ጻፍነው፣ ሰቀልነው። አንድ የቅኔ ተማሪ ጋበዝንና አሳየነው። በትሕትና አነበበ። ከዚያ፣ "ወርቅ ከሰም ኋላ አይቀመጥም፤ እዚያው ሰሙ ውስጥ ነው። ይሄ የእንቆቅልሽ መልስ ነው" አለ። ጽሑፉን በሙሉ አነሣነው። በሩ ላይ አንድ ደብተር በክር አንጠለጠልን፤ ላዩ ላይ "ምን አያችሁ?" የሚል ብቻ። መጻፍ የማይችል ይናገራል፣ ልጅ ይጽፍለታል። የሚቀጥለው ሰው ያንን አንብቦ ይገባል።

ሳምንት 10

የሙከራ ቀን። አክስቴና ስድስት ጎረቤቶቿ። በሩ ላይ ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ፤ ማንም አላዘዘም። ወለሉ አዲስ ልቅልቅ ነዋ። ጫማው መግቢያው ላይ ተከመረና አንዷ ተደናቀፈች። የተረፉት የቺፕውድ ቁራጮች የጫማ መደርደሪያ ሆኑ።

ሁለተኛ፣ እንደገቡ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሥዕል ቆሞ ይታያል የሚል ሕግ አልሰሙም። እኛ ከገበያው ሥዕል በቀር የሥዕሎቹን መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 አድርገናል፤ ለቆመ ሰው የተለመደው ልክ ነው። የተቀመጠ ሰው ዓይን ግን 1 ሜትር ከ15 ላይ ነው። አክስቴ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "እናንተ፣ ለቀጭኔ ነው የሰቀላችሁት?" አለች። ሁሉንም ወደ 1 ሜትር ከ25 አወረድን። የድሮውን ቀዳዳ በጭቃና ኮላ ደፈንን። ቡና እዚያው ተፈላ፤ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል አዩ። አዳራሽ ውስጥ አንድ ሥዕል ፊት አንድ ደቂቃ የቆመ ሰው አላየሁም።

ሳምንት 11 (ከጥምቀት በኋላ)

ጥር 14 ከፈትን። 38 ሰው። 11ዱ ዘመድ። አብዛኛው ሰው እንደገባ በቀኙ ዞረ፤ የገበያው ሥዕል የመጨረሻው ሆነበት። ደግሞ ዞረ።

አንድ ገበሬ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ሥዕሎቹን አለፉና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። "ማን መረገው?" አሉ። አክስቴ ከቡናው ሥር "እኛ ነን፣ አያ" አለች። "እጃችሁ አይጥፋ" ብለው ወጡ። ደብተሩ ላይ ልጁ "አያቴ ግድግዳውን ወደዱት" ብሎ ጻፈ። አምስታችን ስማችን የለም።

ሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ጆሯቸውን ቀዳዳው ላይ አስጠግተው ውቂያውን ሲሰሙ የድምፅ ቀጂያችን ስልክ ተደወለ። ስልኩ ከስፒከሩ ጋር ተያይዟል። ጥሪው በጋን ውስጥ ጮኸ። "በስመ አብ!" ብለው ሁለት እርምጃ ተፈናጠሩ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ወደ ሚሞሪ ካርድ ቀይረነዋል።

ሦስተኛው ቀን ከተማው ውስጥ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ባትሪ እንዳለን ተሰማ። አንዱ "ስልኬን ትንሽ ቻርጅ ላድርግ" አለ፤ ገመድ ሰጠነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳጥኑ ዙሪያ 14 ስልክ ተሰካ። ስልኩ እስኪሞላ ምን ያድርግ? ይቀመጣል፣ ሥዕል ያያል፣ ይጨቃጨቃል። ከ90 በላይ ሰው ገባ፤ ብዙው ለቻርጅ እንጂ ለእኛ አልመጣም። 11 ሰዓት ላይ ባትሪው ሞተ። ቤቱ መስኮት የለው፤ ድቅድቅ አለ።

ሰዉ ግን አልወጣም። የሞላውን ስልክ አውጥቶ መብራቱን አበራ። እ.ኤ.አ. በ1938 ፓሪስ ውስጥ ሱሪያሊስቶች (ሕልም የሚመስል ሥራ የሚሠሩ አርቲስቶች) ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን አዳራሹን አጨልመው ለተመልካች የእጅ ባትሪ አድለው ነበር፤ ጣሪያው ላይም 1,200 የከሰል ከረጢት ሰቅለዋል። ሰዉ ከሥዕሉ ይልቅ የሌላውን ፊት ያበራ ነበር ይባላል። እኛ ጋም መጀመሪያ እንደዚያው ሆነ፤ ልጆች እርስ በርስ ዓይን ያጠፋሉ። ቆይተው ግን የገበያው ሥዕል ላይ አንድ አንዱን ሰው እየፈለጉ ማብራት ጀመሩ። "ይቺ እትዬን አትመስልም?" ይላሉ። የማዳበሪያው ሥራ ላይ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ስፌቱ ሁሉ ጥላ አወጣ። ሠዓሊዋ ራሷ እንዲህ አይታው አታውቅም። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ከ11 ሰዓት በኋላ ሆን ብለን አጠፋን። ባትሪውም ዕድሜ አገኘ።

ዘጠኝ ቀን ቆይተን ዘጋን።

ሳምንት 12

ማፍረስ። የገበያው ሥዕል መሐል ለመሐል የማዕዘኑ መሥመር ቀርቶበታል። በካውያ ላቃናው ብለው ባለቤቱ እምቢ አለ።

ሂሳብ። ጭድ 1,500፣ የተፋቀው ነጭ ቀለም 2,800፣ አቡጀዲ 3,520፣ 14 አጣና 1,680፣ ቺፕውድ 9,500፣ አምፖልና ገመድ 3,400፣ ሲሚንቶ 1,150፣ ሚስማር፣ ሽቦ፣ ቀርከሃ፣ ኮላና የቁንጫ መድኃኒት 1,250፣ የአናጢ ቀን ሂሳብ፣ ምግብና ቡና 4,200። ድምር 29,000 ብር። 4,000 አልፈናል። ቀለሙ፣ ሲሚንቶውና የመጀመሪያዎቹ አምፖሎች ባይኖሩ ኖሮ 25,000ው በቅቶ ይተርፍ ነበር። አንድም ሥራ አልተሸጠም። ሁለት ቺፕውድ ግን አናጢው በግማሽ ዋጋ ወሰደ።

የቀሩትን ሦስቱን አክስቴ አስቀረቻቸው። ድንቹን ከመሬት ከፍ አድርጋ የምትደረድርበት ፈልጋለች። ኮርኒሱም ይቆይ ብላለች። ድንቹ ማክሰኞ ዕለት ወደ ጎጆው ተመለሰ። መኝታ ቤቴ ዛሬም አፈር አፈር ይሸታል።